ቁጥር ሦስት ካላማዳሪ

ሐምሌ 8 ቀን 2016፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠኝ ትግሉ ነው። «ጉዞ የሚሳካው ሲጻፍ ነው፤ የታሰበውን፣ የተሠራውን፣ የተበላሸውን ሁሉንም አስፍር» አለኝ። መምህር አይደል፣ ለሰው የቤት ሥራ ካልሰጠ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ ጎሚስታ ነኝ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ጎማ ላይ በጠመኔ የደንበኛ ታርጋ ነው። እስቲ ይሁን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ካለፈ በኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ ውሃው ግን ገና ሳይጎድል፣ ከቢጠና በታች ካለው መሻገሪያ እንነሳለን። ብላቴ ወንዝን ይዘን በገደሉ መሃል እየቀዘፍን አባያ ሐይቅ እንገባለን። አራት ቀን። በረሃ ነው፤ ግራና ቀኙ ገደል፣ መንገድ የለ፣ ኔትወርክ የለ። ሶዶ ውስጥ ይህን ያደረገ ሰው አልሰማሁም። ጀልባ ከየት ይመጣል? ጀልባውማ እኔ ጋ ነው! የሲኖ ትራክ ካላማዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ ማለቴ ነው፣ ሁለት ሁለቱን አጣምሬ፣ ላዩ ላይ ሳንቃ አስሬ አራት እሠራለሁ። ለአንድ ሰው አንድ። ያን ሁሉ ጭነት የተሸከመ ካላማዳሪ አንድ ሰው ያቅተዋል?

የምንሄደው እኔ፣ ኤርካሎ፣ ትግሉ ነን። ኤርካሎ አብሮ አደጌ ነው፣ አይሱዙ ይነዳል። ትግሉ ከጎጃም መጥቶ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ የሚያስተምር ነው፤ ጣና ዳር ያደገ፣ ሐሳቡም የእሱ ነው። አራተኛ ወንዙን የሚያውቅ ያገር ሰው እንፈልጋለን።

ማታ ለሜላት ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «ስንት ቀን ነው የምትቆዩት?» አለች። አራት አልኳት። «አራት ሙሉ ቀን?» ብላ ደግማ ጠየቀች። ሚስት እንዲህ ስትጨነቅልህ ደስ ይላል።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ። ከአንድ የሲኖ ረዳት ጋር ተጋጨን። «ጎማዬን አበላሸኸው» አለ፤ ከዚያ እናቴን አነሳ። ጎማ ማውጫው ሌቫ እጄ ላይ ነበር። ሁለት ጥርስ። ኤርካሎ ከኋላ ጠምዝዞ ባይዘኝ ኖሮ እንጃ። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ እንታረቃለን። ደሙ ከስሚንቶው አልለቅ ብሎ በናፍጣ አጠብኩት።

ማታ። ቤት ስገባ እራቱ ቀዝቅዟል። በዛሬው ቀን፣ ቀዝቃዛ እራት! ቀዝቃዛ ነገር እንደማልወድ ደግሞ ታውቃለች።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ሜላት ዛሬ ሥራ አልሄደችም። ጎኗን አሟታል፣ ከንፈሯም ትንሽ አብጧል። የምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ደውላ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ስትል ሰማኋት። እኛ ቤት ደረጃ የለም። ቢሆንም ጨዋ ናት፤ የቤቷን ነገር ውጭ አታወጣም።

ሐምሌ 16፣ ማክሰኞ

ከሱቄ አጠገብ መለዋወጫ የምትሸጠው ጣፈጠች ዛሬ ብቅ ብላ «ገበየው፣ የቤትህ በር ዝቅ ያለ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ለምን?»

«ሜላት ሁልጊዜ ትመታበታለቻ!»

ስቃ ገባች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ነፍቼ ያስቀመጥኩትን ጎማ ሌቫ አንስቼ ደበደብኩት። ደንበኛው «ኧረ በሕግ!» እያለ ቆሞ ያየኛል።

ሐምሌ 21፣ እሑድ

ብላቴን አየሁት! እስከ ቢጠና በኤርካሎ አይሱዙ፣ ከዚያ በእግር ቁልቁል። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይብሳል፤ ሶዶ ላይ ጃኬት ለብሰን ወጥተን እዚያ ሸሚዛችንን አወለቅን። ውሃው ቀይ ጭቃ ነው፣ ሞልቷል፣ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ያመጣል። ድምፁ ከመታየቱ በፊት ነው የሚሰማው።

ቆመን ሳለን በሬ ይዞ መጣ። በሬው አልሞተም፤ ቀንዱና አፍንጫው ብቻ ከውሃው በላይ ይታያል። ባለቤቱ በወዲያኛው ዳር እየሮጠ በወላይትኛ ይጠራዋል። ገደሉ የሚጠብበት ቦታ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። ውሃው በሬውን እዚያ ላይ አላተመው። አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አንገቱ ሲሰበር ከውሃው ድምፅ በላይ ተሰማ። ትግሉ ፊቱን አዞረ፣ ኤርካሎ አማተበ። እኔ አላዞርኩም። ማንም አያነበውም፣ እውነቱን ልጻፍ፤ ጉልበቱ ደስ አለኝ። ማንንም ይቅርታ የማይጠይቅ ጉልበት።

ከዚያ ወንዙን ይዘን ሽቅብ ብዙ ሄደን፣ መሻገሪያው ላይ ሰው የሚያሻግር ሽማግሌ አገኘን፤ ስሙ ሶርሳ ነው። አገሬው «አዋ ሶርሳ» ይለዋል፣ አባት ማለታቸው ነው። ስልሳ አልፎታል፣ ክንዱ ግን የእኔን ያህላል። እስከ አባያ እንቅዘፍ ስንለው መጀመሪያ ሳቀብን። ኋላ እሺ አለ፤ ግን የራሱ ሕግ አለው።

«የተጣላ ሰው አንድ ላይ ውሃዬ ላይ አይወጣም» አለ። አማርኛው እንደ አገሩ ነው፣ ቃሉ ግን ጥርት ይላል። «ዋዜማው እዚህ ዳር እንቀመጣለን። ሁሉም የተጣላውን፣ የመታውን፣ ያስለቀሰውን ስም ይጠራል። ያ ሰው አብሮ ካለ ከአንድ ቅል ውሃ ይጠጣሉ፣ ከዚያ መቀመጫ ይለዋወጣሉ። የአንተ ላይ እሱ፣ የእሱ ላይ አንተ። ከዚያ ወዲያ ዕቃውን ማንም አይነካም፤ እኔ ስጠብቅ አድራለሁ።»

«ያ ሰው አብሮ ከሌለስ?» አለ ትግሉ።

«ስሙን ብቻ ይጥራ። ውሃው ይሰማል። ደብቆ ከወጣ ጎሜ ነው።»

ጎሜ የሚሉት የተደበቀ በደል ነው፤ ተመልሶ ይመጣል ይላሉ። አዋ ሶርሳ እንዳለው ደግሞ የሠራውን ሰው ብቻ አይደለም፣ አብሮት የተቀመጠውንም ይበላል። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ እኔ በዚህ ስቀልድ ነበር። እኔ ከማን ጋር ጸብ አለኝ? ከረዳቱ ጋር እንኳ ታርቄያለሁ።

ሐምሌ 30፣ ማክሰኞ

አንድ ካላማዳሪ ስሞክር ፈነዳ። ቁራጩ ጉንጬን ላጠኝ፣ የግራ ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። ኮምፕሬሰሩን ረስቼው ነው። የረሳሁት ደግሞ ትግሉ ጠዋት መጥቶ «ሜላት እንዴት ናት? ተሻላት?» ስላለኝ፣ እሱን ሳብሰለስል ነው። ተሻላት? ምን እንደሆነች ማን ነገረው? የወንዙን ካርታ ኮፒ የሚያስነሳው እሷ ጋ ነው። ስንት ካርታ ነው ይሄ ወንዝ ያለው?

ነሐሴ 4፣ ቅዳሜ

ጣፈጠች። «ሐሙስ ዕለት ሜላትን ዱቦ መንገድ ላይ አየኋት፣ መምህሩ ሞተር ላይ፣ ከኋላው። ታማለች እንዴ?»

ዱቦ። ሐሙስ። እኔን ጸጉር ቤት ነው የምሄደው ብላኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን አላስታውስም። የአንድ ባጃጅ ጎማ ገልብጬ አስገብቼ ሰውየው ሲጮህብኝ ነው የነቃሁት።

ነሐሴ 5፣ እሑድ

ጠየቅኳት። ዱቦ ሆስፒታል ነበርኩ አለች፤ ሲስተር ሜሪ የምትባል ነርስ ጎኔን አየችልኝ አለች። በእሱ ሞተር ለምን? ባጃጅ አጥታ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አግኝቷት ነው። እንዴት ያለ ወሬ!

«ጎንሽ ደግሞ ምን ሆነ?» አልኳት።

አየችኝ። ያ አስተያየቷ ነው የሚያሳብደኝ። ዓይኔ ደም ለበሰ።

እጄ ሄደ። ሌላ ምን ልጻፍ። እጄ ሄደ።

ነሐሴ 6፣ ሰኞ

እግሯ ሥር ተንበርክኬ አለቀስኩ። የምር አለቀስኩ። አባቴ በጎማ ጠፍር ገርፎን ሲያበቃ ማር ይዞልን ይመጣ ነበር። የእናቴ ፊት ሲያብጥም ማር። እኔም ዛሬ ማር ይዤ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ነው ትዝ ያለኝ። ወርውሬ ልሰብረው አልኩና ተውኩት።

አልነካችውም። «መስከረም ላይ አራት ቀን ነው አይደል የምትቆዩት? አልተቀየረም?» አለችኝ ብቻ።

ነሐሴ 15፣ ረቡዕ

አራቱም ተሠሩ። ቀለም ነክሬ ቁጥር ጻፍኩባቸው። 1 አዋ ሶርሳ፣ 2 ኤርካሎ፣ 3 ትግሉ፣ 4 እኔ።

የቁጥር 3 ግራው ካላማዳሪ ላይ ጣት የሚያህል ስንጥቅ አገኘሁ። ካላማዳሪ የሚለጠፈው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ጎማው ፊቱ እስኪሻክር በማሻከሪያ ይፈገፈጋል፣ ከዚያ ማስቲሽ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ፓቹ ይለጠፋል፣ በእሳት ይጋገራል። ሳይሻከር የተለጠፈ ለጊዜው የያዘ ይመስላል። ሲሞቅና ሲወጠር ግን ብድግ ይላል። ይህን አባቴ በሰባት ዓመቴ ነው ያስተማረኝ፣ በጥፊ።

ዛሬ ማሻከሪያው ጠፋብኝ። ለጊዜው በማስቲሽ ብቻ ለጥፌዋለሁ። ነገ አንስቼ እንደገና እሠራዋለሁ።

ነሐሴ 16፣ ሐሙስ

ማሻከሪያው ተገኘ። ቱታዬ ኪስ ውስጥ ነበር። ሥራ በዛብኝ። ነገ።

ነሐሴ 24፣ ዓርብ

ትግሉ ካላማዳሪዎቹን ሊያይ መጣ። ቁጥር 3ን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገና «እንዴት ያለ ሥራ ነው! እኔ አንተን አምኜ ነው ውሃ ላይ የምወጣው» አለ። ይሄ ምን ማለት ነው? ሊያሾፍብኝ ነው?

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ገበየው፣ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ሜላት...»

«የሚስቴን ስም አትጥራ።»

ሌቫው እጄ ላይ ነበር። እጄ ላይ መሆኑን ያወቅኩት እሱ ሲያየው ነው። ኤርካሎ በመሃል ገብቶ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» አለ። ትግሉ ሄደ። ሲሄድ ዞር ብሎ አየኝ፤ እንደፈራ ሰው አይደለም፣ እንዳዘነ ሰው ነው። እሱ ነው ለእኔ የሚያዝነው? እሱ!

ጳጉሜን 3፣ እሑድ

ቁጥር 3 ይይዛል። ሱቅ ውስጥ ተነፍቶ ሁለት ሳምንት ቆሟል፣ ምንም አልሆነም። ባይይዝም ትግሉ ዋናተኛ ነው።

በሬውም ይዋኝ ነበር።

ይይዛል ብያለሁ።

የጊፋታ እሑድ

አንድ ላይ በሬ ጥለን፣ ቁርጥ በልተን፣ ሠፈሩ በጭፈራ ደምቆ። ዓመቱን ሙሉ ሲካሰሱ የከረሙ ሁለት ጎረቤቶች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አየሁ። ጊፋታ ነው፣ ቂም ይዞ የሚገባበት የለም።

ኤርካሎ ወደ ዳር ጎተተኝ። «ገቤ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ይታረቃል። አንተም ቤትህ ግባና ታረቅ።»

«ከማን ጋር?»

«ታውቃለህ። እኔም አውቃለሁ። ስንት ዓመት አውቄ ዝም አልኩ፤ ራሴን ጠላሁት።»

ቢላ ይዤ ነበር። ቢላውን አስቀመጥኩት፣ ይህ ይጻፍልኝ። ከዚያ ደረቱን ገፋሁት። ከነወንበሩ ተገለበጠ። ጭፈራው ቆመ። ሁሉም አዩኝ። አንዲት አሮጊት በወላይትኛ አጉረመረመች፤ ልጅ ሆኜ አባቴን እንዲህ ሲሉት የሰማሁትን ቃል ነው።

ኤርካሎ አቧራውን አራግፎ ተነሳ። «ጉዞውን ተወው ብትለኝም አልተወውም» አለኝ። «አንተንና እሱን ብቻችሁን ውሃ ላይ አልለቃችሁም።»

ማታውኑ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ይቅር አለኝ። ኤርካሎ መልካም ሰው ነው። ቤት ግን... ሜላት ተኝታ ነበር። ወይም የተኛች መስላ ነበር።

መስከረም 22 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ነገ እንነሳለን። ሜላት ሻንጣዬን ራሷ አዘጋጀችልኝ፤ ቆሎ፣ ቃተኛ ጋቢ፣ ካልሲ ሳይቀር ጠቅልላ። እያንጎራጎረች ነበር። ስታንጎራጉር የሰማኋት ስንት ጊዜዬ ነው? ቆሜ ሰማኋት፣ ሳታየኝ።

«ሰኞ ማታ ነው የምትመለሱት፣ አይደል?»

«ሰኞ ማታ።»

«ከሰኞ በፊት አትመጡም?»

«ገደል ውስጥ መመለሻ የለም፤ እንዴት እንመጣለን?»

ራሷን ነቀነቀች። ስመለስ ሌላ ሰው ሆኜ እመለሳለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ውሃው ያጥበኛል። ይህን ልነግራት ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እሷ ግን ዛሬ ደስ ብሏታል፤ ለእኔ ብላ ነው።

ማሻከሪያውን ሻንጣዬ ውስጥ ከትቻለሁ። እዚያ ጊዜ ካገኘሁ።

መስከረም 23፣ ሐሙስ፣ ብላቴ ዳር

ሳይጨልም ልጻፈው።

ውሃው ትንሽ ጎድሏል ግን አልበረደም። አዋ ሶርሳ አራታችንንም ዳር ላይ አስቀምጦ መሃላችን ውሃ የሞላ ቅል አኖረ። እኔ እንደ ቀልድ ነበር የማየው። እሱ ራሱ ጀመረ፤ በድንበር የተጣላውን ወንድሙን ጠራ። ኤርካሎ ባለፈው ወር በካልቾ የመታውን ጫኝ ጠራ። እኔ በሆዴ፣ ረዳቱን እጠራና እገላገላለሁ እያልኩ ነበር።

ትግሉ ተራው ደረሰ። ውሃውን እያየ «ገበየውን» አለ።

ኤርካሎ ቀና ብሎ አየኝ።

«መታህ?» አለ አዋ ሶርሳ።

«እኔን አልመታኝም። ግን ተጣልቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ?»

«እንግዲህ... ትግሉን» አልኩ።

«ሌላ የለም?»

«አንድ ረዳት ነበር፣ ታርቀናል።»

«ሌላ የለም?»

ኤርካሎ አንገቱን ደፋ። ትግሉ አየኝ። ወንዙ ያጓራል።

«የለም» አልኩ።

አዋ ሶርሳ ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀም። ቅሉን አቀበለን፣ ከትግሉ ጋር ጠጣን። ከዚያ ተነስቶ መቅዘፊያዎቻችንን አንስቶ ቀያየረ፤ የእኔን ቁጥር 3 ላይ፣ የትግሉን ቁጥር 4 ላይ አስቀመጠው። ሕጉን እኮ ነግሮን ነበር። እኔ ነኝ የሳቅኩት።

አሁን ካላማዳሪዎቹ ፊት ምንጣፍ አንጥፎ ተቀምጧል። ማንም አይነካም። ኤርካሎ እሳት እያቀጣጠለ ነው፣ ከእኔ አሥር እርምጃ አይርቅም። ሄጄ «ቁጥር 3 አልተሻከረም» ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይፈልግም። ግን ለምን ይሉኛል። ለማን ነበር ይሉኛል። አፌ ላይ መጥቶ ሁለት ጊዜ ዋጥኩት።

ይይዛል። ጠዋት ብርድ ነው፣ ቶሎ ከተነሳን ገደሉን ሳይሞቅ እናልፈዋለን።

መስከረም 27፣ ሰኞ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ይህን ለመጻፍ ከትናንት ጀምሬ ነው፤ ጥቂት ጽፌ አርፋለሁ። ዛሬ ነበር የምንመለሰው።

ዓርብ ጠዋት ሁሉም ደህና ነበር። እንዲያውም ስቀናል፤ ትግሉ እንደ ጣና ሰው እየቀዘፈ ቀደመን፣ ኤርካሎ ዘፈነ። ፀሐይ ወጣች። ገደሉ ውስጥ ነፋስ የለም፤ ጥቁሩ ካላማዳሪ እጅ የማያስነካ ሆነ። እየጠበበ ሲሄድ ያ ድንጋይ ከፊቴ ታየኝ። ያን ጊዜ ሰማሁት። አልፈነዳም። ፍስስስ አለ ብቻ፣ ከግራ ጭኔ ሥር። ይህን ድምፅ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ።

ተገለበጥኩ። ውሃው አንገቴን ይዞ ታች ወሰደኝ፣ አወጣኝ፣ ድንጋዩ ላይ ወረወረኝ። ቀኝ ክንዴን አስቀደምኩ፤ ተሰበረ፣ ድምፁን ከውስጤ ሰማሁት። ደግሞ መለሰና መታኝ፣ በደረቴ። ደግሞ መለሰ፣ በፊቴ። አፌ ደምና አሸዋ ሞላ። ለመለመን እንኳ ጊዜ አይሰጥም። በቃኝ ለማለት አፍህን ስትከፍት ይገባልሃል። እያንዳንዱ ሲመጣ ይሄ የመጨረሻው ነው ትላለህ፣ ከዚያ ሌላ ይመጣል፤ አንተ ደግሞ ምንም አላደረግክም።

ያወጣኝ ትግሉ ነው። ከቁጥር 4 ዘሎ ኮሌታዬን ያዘ፣ ውሃው እሱንም ከድንጋዩ አላተመው፣ ግንባሩ ተተረተረ፣ አለቀቀኝም። ኤርካሎና አዋ ሶርሳ ገመድ ጥለው ሁለታችንንም ወደ አሸዋው ጎተቱን።

ኤርካሎ የሞተውን ካላማዳሪ ገለበጠው። ፓቹ በአንድ ጥጉ ተንጠልጥሎ ነበር። ነቅሎ ከኋላው አየው፤ ልስልስ ብሎ ያብለጨልጫል። ኤርካሎ አባቴ ሱቅ ውስጥ አብሮኝ ነው ያደገው፣ እሱንም በጥፊ አስተምሮታል።

«አላሻከርከውም» አለ። «አንተ! ሳታሻክር ነው የለጠፍከው!»

ትግሉ ደሙን በእጁ ይዞ ካላማዳሪው ላይ የተጻፈውን 3 አየ። «ለእኔ ነበር?» አለኝ።

ሸሚዙን አውልቆ ቀደደና ክንዴን አሰረልኝ። አዋ ሶርሳ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ «ጎሜ»።

ሌሊቱን አሸዋው ላይ አደርን፤ ቅዳሜ ገደሉን በአንድ የፍየል መንገድ አወጡኝ፣ በቃሬዛ ቢጠና ደረስን። ወጌሻ ክንዴን በቀርከሃ አሰረው። ከሰዓት በኋላ አይሱዙው ሠፈሬ አፍ ላይ ቆመ። ትግሉም ኤርካሎም ደግፈውኝ ወረድን።

ሜላት በር ላይ ነበረች። ሁለት ሻንጣ አጠገቧ። የልብስ ስፌት መኪናዋ በአንሶላ ተጠቅልሎ። ገሱባ የምትኖረው እህቷ ከውስጥ ፌስታል ይዛ ስትወጣ አየችኝና ቀጥ አለች። ባጃጁ ሞተሩን እንዳስነሳ ቆሟል። አራት ሙሉ ቀን። ከሰኞ በፊት አትመጡም?

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ደሜ ፈላ። እጄ ሊሄድ ቃጣ፤ ክንዴ ከቀርከሃው ጋር ታስሮ ከትከሻዬ ላይ ብቻ ነዘረኝ፣ ዓይኔ እስኪጨልም። ሜላት ግን አይታዋለች። እጄ ገና ሳይነሳ ፊቷን ከለለች። በሁለት እጇ፣ እንደ ልማዷ። ክንዱ የተሰበረ ሰው ፊት።

ጎረቤት ወጣ። ጣፈጠች ከወዲያ ማዶ እየሮጠች መጣች። «ውይ ገበየው! ምን ሆነህ ነው? ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?»

ትግሉ ግንባሩ ታሽጎ አጠገቤ ቆሟል። ሁሉም አፌን ይጠብቃሉ።

«ወደቅኩ» አልኩ።

ሜላት እጇን ከፊቷ አወረደች። ከዚያ በፊት እንዲህ ትክ ብላ አይታኝ አታውቅም።

«እኔም እንደዚህ ነበር የምላቸው» አለች።

ሻንጣዋን ኤርካሎ ጫነላት። የስፌት መኪናዋን ትግሉ ጫነላት። ባጃጁ ወደ መናኸሪያ ዞረ።

መስከረም 28፣ ማክሰኞ

ሱቁን አልከፈትኩም። ማሩ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አልተከፈተም።

ቀኝ እጄ ባይታሰር ኖሮ ቅዳሜ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ትግሉ የተበላሸውንም ጻፍ ብሎኝ ነበር። ጻፍኩት።

አዋ ሶርሳ ሁለት ጊዜ «ሌላ የለም?» ብሎ ጠይቆኛል።

አለ። ሜላት።